ስድስተኛዋን ምት የሚውጠው ሞተር

እኔ ደምሴ የተማሪ ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ልጄን ላስመዘግብ ብቻ ነው። ፊደል የለየሁት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ሞተር መፍታት የተማርኩት ሞተር ፈትቼ ነው፤ መግጠሙን ደግሞ ያው የፈታሁት አስተማረኝ። ማሲንቆ ያስያዘኝ አዝማሪ የለም፣ ራሴ ሠራሁት፣ ራሴ መታሁት። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራ የሌለውን አለኝ ማለት ነው፤ እኔ ያለኝን ነው የምናገረው። ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ልጁ ሁሉ ባንድ አለኝ፣ ኪቦርድ አለኝ ሲል እሰማለሁ። እኛ ባንድ የሚለውን ቃል ሳንሰማ ባንድ ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴ አስካለ፣ ታናሽ ወንድሜ ተክሌና ልጄ የሺ። ከጫጫ እስከ ደነባ ያለ ገበሬ በመንገዱ ላይ ሌላ ወፍጮ ቤት እያለለት አህያውን ጭኖ እኔ ዘንድ ይመጣ የነበረው ለዱቄቱ ልስላሴ ብቻ አልነበረም። ዱቄቴም ለስላሳ ነበር፣ እሱንም ማንም አይክደኝም።

ባለፈው ሳምንት አስፋልቱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ መብራት ሄደ። መብራት መሄዱ ወሬ አይሆንም። ፊት ለፊት ያለው ሆቴል ጄኔሬተሩን አስነሳ፤ የናፍጣው ጭስ ከጠዋቱ ብርድ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ሻዩን ረሳሁት። ሞተሩ አዲስ ነው፣ ሳያቋርጥ ይንጣል። የኔ እጅ ግን ጠረጴዛውን እየመታ አምስት ይልና ይቆማል፣ አምስት ይልና ይቆማል። አስተናጋጇ መጥታ ፊቴን አየችኝ።

«አባባ፣ ደህና ነዎት?»

«ምን ሆንኩ?»

«እጅዎ እኮ ይመታና ይቀራል። አያቴን እንዲህ ሲያደርጋቸው ሆስፒታል ወሰድናቸው።»

«ልጄ፣ ይህ በሽታ አይደለም፤ ሙያ ነው» አልኳት። አላመነችኝም፤ ውሃ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ወፍጮ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ።

ወፍጮ ቤቴ ከገበያው በታች፣ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ማዶ ነበር። አንድ ቁና ገብስ በስሙኒ እፈጫለሁ፣ ሻይ አሥር ሳንቲም ነው፣ የጋሪ ፈረሱ ሁሉ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አለው። ጎረምሳው እግሩ ስር የሚሰፋ ቴትሮን ሱሪ ያሰፋል፤ ከላይ ግን ያው በርኖስ ወይም ባና ይደርብበታል፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ ፋሽን አያውቅም። ሴቶቹ ሻሻቸው በዱቄት ነጥቶ ሲወጡ ወጣቷም አሮጊት ትመስላለች፣ በዚህ ይሳሳቃሉ። አሁን በዚያ ቦታ ባለመስታወት ፎቅ ቆሟል። ከምድር ቤቱ ፀጉር ማስተካከያ አለ። ባለፈው ልስተካከል ገብቼ የተቀመጥኩበት ወንበር የሞተሩ መሠረት ላይ መሆኑን ለልጁ ልነግረው ስዞር «ባክዎ አይነቃነቁ» ብሎ ራሴን ወደ ፊት መለሰው።

ሞተሩ አርጅቷል። አምስት ጊዜ ይመታል፣ ስድስተኛዋን ይውጣል። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና። ከአዲስ አበባ የመጣ መካኒክ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠና ናፍጣ የሚረጨው ዕቃ ተበላሽቷል፣ ይቀየር አለኝ። አልቀየርኩትም። ሞተር እንደ በቅሎ ነው፤ የለመደውን አካሄድ ካስለወጡት ይጥላል። ይልቅስ ከጭስ ማውጫው ጫፍ የዘይት ጣሳ ደፋሁበት፤ ድምፁ ከወንዙ ማዶ ይሰማ ጀመር። ሰው «የደምሴ ወፍጮ ትንፋሽ አጠራት» እያለ ይስቃል። እየሳቀ ይመጣል።

ሙዚቃው የተጀመረው በወረፋ ነው። የገበያ ቀን ወረፋው እስከ መንገዱ ይዘረጋል፤ ሰው ቆሞ ሲሰለች ይጣላል። አስካለ ጥሉን ለማብረድ ቁናውን ደፍታ በመዳፏ መምታት ጀመረች። ተክሌ ናፍጣ የሚቀዳበትን አፈ ሰፊ ቆርቆሮ እንደ ጥሩንባ ይነፋል፤ ድምፁ የታመመ በሬ ይመስላል፣ ግን ደስ ይላል። እኔ ከዘይት ጣሳ የሠራሁትን ማሲንቆ፣ ጭራዋን ከጋሪ ፈረስ የለመንኩላትን፣ ከከረጢቶቹ ላይ ተቀምጬ እገዘግዛለሁ። የሺ ደግሞ ገብሱን ወደ ወፍጮው አፍ እየጨመረች ትዘፍናለች፦

ገብሱ ነው የሚያልቀው፣ ድንጋይ መች ይደክማል፤
የናፋቂ ሰው ልብ ሳይፈጩትም ይልማል።

እና አራታችንም ከሞተሩ ጋር አምስት እንመታና ስድስተኛዋ ላይ ዝም እንላለን። ማንም ለማንም አልነገረም። ሞተሩ ሲቆም እንቆማለን፣ ሞተሩ ሲመታ እንመታለን። በኋላ ሰርግ ስንጠራ ሞተሩ አጠገባችን ባይኖርም ያቺን ክፍት ቦታ ይዘናት ሄድን። እስክስታ የሚወርደው ሰው በመጀመሪያ ይወላገዳል። ትከሻው ይነሳና የሚወርድበት ያጣል። «ኧረ ትከሻዬን አንጠልጥለህ ተውከኝ!» ብሎ የጮኸብኝ ሙሽራ አለ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ይለምዱታል፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ሰርገኛው በሙሉ ስድስተኛዋ ላይ ትከሻውን ሰቅሎ ቀጥ ይልና ድንኳኑ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እልል ይባላል። አንድ ስመ ጥር ነኝ የሚል አዝማሪ ማሲንቆዬን ዝቅ አድርጎ አይቶ «ቅኝቱ ምንድን ነው? ቅኝት እኮ አራት ብቻ ነው» ሲለኝ «የኔ አምስተኛው ነው» አልኩት።

አሁን አንድ ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ። የሺ ቀጥ ያለውን ዜማም ታውቃለች። በየክረምቱ አንኮበር ወርዳ የአስካለ ታላቅ ወንድም መርጌታ ላቀው ዘንድ ትከርማለች። በዚያ በጉም በተሸፈነ ቁልቁለት ላይ ካለው ደብር መዝሙር ተምራለች፤ ከበሮውን አንዲት ምት ሳትዘልል ታጅባለች። ይህን የምናውቀው እኛ ቤተሰቦቿና አጎቷ ብቻ ነበርን። በከተማው ውስጥ የሚያውቋት በወፍጮ ቤቱ ዘፈን ነው።

ዘመኑ ሰው ሁሉ ጓድ የሚባልበት ነበር፤ ከዚያ በላይ አልሄድም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር እናቱ እኔ ዘንድ የምታስፈጭ፣ እስከ ትናንት ጋሼ ይለኝ የነበረ ልጅ ነው። አንድ ማለዳ ካኪውን ለብሶ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆመ።

«ጓድ ደምሴ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ቅዳሜ ከላይ የኪነት አሰልጣኝ ይመጣል። ስለ የሺ ነግሬዋለሁ።»

«እኛስ?» አልኩት። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ያሰብኩት ማሲንቆዬን ነው።

«እናንተ ለዚያች ቀን ታጅቧታላችሁ። ከዚያ እሷን ብቻ ነው የሚወስዷት።»

አስካለ ቁናውን አስቀመጠች። «የት ነው የሚወስዷት?»

«አገር በጠራቻት ቦታ፣ እታለም» አለና ካኪው ላይ የቦነነውን ዱቄት እያራገፈ ሄደ።

አገር የምትጠራበትን ቦታ እናውቀዋለን። ከኛ ሦስት ቤት አልፎ ያለችው ጎረቤታችን ልጇ እንዲሁ ተመርጣ፣ ካኪና ሸራ ጫማ ተሰጥቷት፣ ለወታደር ልትዘፍን ወደ ሰሜን ሄዳለች። መጀመሪያ ሰላምታ በሰው ይመጣ ነበር። ኋላ ሰላምታውም ቀረ። እናትየው ከደሴ የሚመጣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች፤ ከተማው ሁሉ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አንዴ የተመረጠ አይመለስም፣ እንቢ ያለ ደግሞ አሻጥረኛ ይባላል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን ለመጠየቅ ማንም አይደፍርም።

የዚያን ቀን አስካለ አላስቀመጠችኝም። «ልጄን አደባባይ ያወጣሃት አንተ ነህ!»

«ድምፁን እኔ ሰጠኋት?»

«ሰርግ ቤት ሁሉ ‹ድምፁን ከኔ ነው የወሰደችው› ስትል አልነበር? ዛሬ የማን ሆነ?»

ተክሌ ማዶ ሆኖ «ዛሬ የናቷ ሆነ» አለና የወረወረችው ጣሳ ለጥቂት ሳተው።

ዓርብ ከሰዓት መርጌታ ላቀው ጥላቸውንና ጭራቸውን ይዘው ከአንኮበር መኪና ወረዱ። አስካለ ልካባቸው ነው። መፍትሔም ይዘው መጥተዋል፤ ለየሺ የሚሆን ባል። ዲያቆን ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሁለት ጥማድ በሬ አለው። «የታጨች ልጅ አይወስዱም። ነገ ከመረጧት ከተቀመጥኩበት ተነስቼ እጮኛ አላት እላለሁ። እሁድ ሽማግሌ ይቀመጣል» አሉ። አስካለ መሬቱን ሳመች። እኔ ዲያቆኑን አላውቀውም፣ የሺም አታውቀውም።

የሺ ዱቄት ባቦነነው ነጠላዋ አፏን ሸፍና ቆማለች። «አጎቴ፣ የማላውቀው ቤት ከመግባትና የማላውቀው ጦር ሜዳ ከመሄድ የትኛው ይሻለኛል ይላሉ?»

«ልጅ እንዲህ አትናገርም።»

«እርስዎ ነዎት እኮ ያስተማሩኝ፤ ሲጨንቅሽ ጠይቂ ይሉኝ ነበር።»

መርጌታ ጭራቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። እኔም ለልጄ ሁለቱንም እንደማልፈልግላት ልነግራት ፈልጌ ቃል አጣሁ። ቃል አጥቼ የማላውቅ ሰው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። አሰልጣኙ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ አኮርዲዮኑን ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን አስቀምጧል። መጀመሪያ አራታችን ተጫወትን። አዳራሹ ተነቃነቀ፣ ሰው ስድስተኛዋ ላይ ትከሻውን ሰቀለ። አሰልጣኙ ፈገግ አለ። ከዚያ በእጁ ምልክት እኛን አስቀመጠና «ልጅቷ ብቻ ትቅር» አለ። አኮርዲዮኑን ከፈተ፤ ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ ምት ነው። የሺ ጀመረች። አምስት ሄደችና ዝም አለች። አኮርዲዮኑ ብቻውን አለፋት። ስትመለስ እሱ ሌላ ቦታ ነው። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ተለያዩ። ለሦስተኛ ጊዜ እግሩን መሬት ላይ እየመታ አሳያት፤ ስድስተኛዋ ላይ አፏን ገጥማ ቆመች፣ የእሱም ጣት ተሰናከለ።

ያን ጊዜ ዓይኗን አየሁት። ወደኔ አልነበረም የምታየው፣ ወደ ጣራው ነበር፤ አንኮበር መዝሙር ስታቀርብ እንደምታየው። ሆን ብላ ነው። ሦስተኛውን መንገድ ራሷ አግኝታለች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ብቻዋን።

ሊቀመንበሩ ተነሳ። «ይህ አሻጥር ነው! ይህቺ ልጅ ሆን ብላ ነው!»

አሰልጣኙ መነጽሩን አውልቆ «ሆን ብለሽ ነው?» አላት። የሺ ልትመልስ አፏን ስትከፍት እኔ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። ያን ቀን ከተናገርኩት ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው።

«ጓዶች፣ ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፣ የሞተሩ ነው። የዘፈነችው ከሞተር ጋር ነው፣ ሌላ አስተማሪ የላትም። የማታምኑ ኑና ስሙት።»

ተነስተው መጡ። አዳራሹ በሙሉ ቁልቁል ወደ ወፍጮ ቤቴ ወረደ። አሰልጣኙ አኮርዲዮኑን አንግቶ፣ ሊቀመንበሩ የሺን በክንዷ ይዞ። መርጌታ ከኋላ በጥላቸው መሬቱን እየወጉ ይከተላሉ። እኔ ግን እየሄድኩ የማስበው ሌላ ነገር ነው። ያ ሞተር በውርጭ ሲነሳ፣ ሆዱ እስኪሞቅ፣ አንዳንዴ ደህና ይመታል። ይህን ከኔ በቀር ማንም አያውቅም።

ማኒቬላውን፣ ማስነሻ ብረቱን፣ አስገብቼ አዞርኩት። ሳለ፣ ጨሰ፣ ተነሳ። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። ስድስቱንም መታ። እንደገና ስድስቱንም መታ። ያ ሰይጣን፣ ያን ቀን ጎረምሳ ሆነ።

«የታለ?» አለ ሊቀመንበሩ። የሺን የያዘው እጁ ሲጠብቅ አየሁ። «የታለ ጓድ ደምሴ?»

«ይሞቃል» አልኩ። አስካለ በደፋችው ቁና ላይ ተቀምጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ተክሌ በእጁ የያዘውን ቆርቆሮ አጣመመው። ቱክ ቱኩ ሳያቋርጥ ይሄዳል፤ እንደዚያ ያማረ ሞተር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፣ እንደዚያም የጠላሁት የለም። መዳፌን በሆዱ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ለብ አለ። ሞቀ። ሲያቃጥለኝ እንኳ እጄን አላነሳሁም።

ከዚያ ዋጠ።

ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። ዝም። እንደገና። እንደገና። በር ላይ የቆሙት ሴቶች እልል አሉ፣ ለምን እልል እንዳሉ ግን ያወቁ አይመስለኝም። አሰልጣኙ ከረጢት ላይ ተቀመጠና አኮርዲዮኑን ከፍቶ ከሞተሩ ጋር ሞከረ። ሁለት ጊዜ ሳተ፣ በሦስተኛው ገባበት። የሺ ቀስ ብላ ጀመረችለት፣ አስካለ ቁናዋን መታች፣ እኛም ተከተልን። አሰልጣኙ ሞተሩን አጥፋ አለኝ፤ አጠፋሁት። ዘፈኑ ግን አልጠፋም፤ ያቺ ክፍት ቦታ በየመካከሉ እንዳለች ቀጠለ። ከዚያ ምት ሊወጣ ሲል የሰውየው ጣት እምቢ አለው፤ ወደ ቀጥታው ሊመልሳት ይሞክራል፣ ስድስተኛዋ ላይ ትቀራለች። በመጨረሻ አኮርዲዮኑን ዘግቶ ሳቀ። ያ ዝምተኛ ሰው ዱቄቱ ውስጥ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «መነኩሴውን ጠይቋቸው። አጎቷ ናቸው፣ የዜማ ሰው ናቸው። ቀጥ አድርጋ ትችላለች ወይስ አትችልም? ይናገሩ።»

ሁሉም ወደ መርጌታ ዞረ። መነኩሴ አለመሆናቸውን እንኳ አላረሙትም። ውሸት የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ አስካለ በልጅነቷ ስለ አንድ እንቁላል ዋሽታ ሰባት ቀን አላናገሯትም ነበር። ጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ይህቺን ልጅ» አሉ፣ «ለአንድ ዲያቆን ላጭ ነበር የመጣሁት። በፊታችሁ ትቼዋለሁ። ዛሬ የሰማሁትን ሰምቼ ለዲያቆን የእህቴን ልጅ አልሰጥም።» ከዚያ ወደ አሰልጣኙ ዞረው «አንተ ደግሞ እንደ ፈቃድህ» አሉት።

የቤተ ክርስቲያን ሰው የያዘውን ጋብቻ በአደባባይ ሲያፈርስ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። አሰልጣኙ ዱቄቱን ከሱሪው እያራገፈ ተነሳ። «ይህቺን ይዤ ብሄድ የቡድኔን አሥራ ሁለት ሰው ታበላሽብኛለች። ከነሞተሯ ካልሆነ አትሆነኝም፣ ሞተሩን ደግሞ መኪናው አይችለውም።» ሊቀመንበሩ ክንዷን ለቀቀ። የጣቶቹ ምልክት ክንዷ ላይ ባረፈው ዱቄት ቀርቶ ነበር።

ሲመሽ መርጌታን መኪና ልናሳፍር ወጣን። አንድ እግራቸውን መኪናው ላይ አድርገው የሺን ጠርተው በጆሮዋ አንሾካሾኩ፤ እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማሁ። «ለጥምቀት ስትመጪ ግን» አሏት፣ «ስድስተኛዋን እንዳትውጪያት።» የሺ እግራቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል መኪናው ተነሳ።

ዛሬ ሰው ያን ዘመን ሲያነሳ ማን ምን እንደተሾመ ያወራል። እኔ የምቆጥረው ሌላ ነው። ያለ አስተማሪ አንድ ማሲንቆና አንድ ክራር ሠርቻለሁ። አዝማሪ የማያውቀው አምስተኛ ቅኝት አለኝ፤ እስካሁን ያስተባበለኝ የለም። ከላይ የመጣ አሰልጣኝ ከረጢቴ ላይ አስቀምጬ በኔ ምት አስመትቼዋለሁ። ሁለት ሞተር አርጅቶብኝ ሁለቱንም በእጄ ፈትቼ ቀብሬያለሁ። ልጄን ለማታውቀው ሰው አልዳርኳትም፤ ደብረ ሲና ላይ የከባድ መኪና ሾፌር ራሷ መርጣ አግብታ አምስት ወልዳለች። ያን ቀን ያዳናት ማን እንደሆነ ስንከራከር «እኔ ነኝ አባዬ፣ የዋጥኩት እኔ ነኝ» ትላለች፤ ትበል፣ መዋጡን ያስተማራት የማን ወፍጮ ሆነና። እና በዚያች ቅዳሜ ማታ፣ ከየቤቱ ሰው በሚጎድልበት ዘመን፣ የኔ ቤት ራት ላይ ስንቀመጥ አራታችንም ነበርን።